የእንጨት ክንፍ ይዘን ካማሺ ስንሄድ

ካማሺ ሄጄ ከተመለስኩ ወዲህ የመንደራችን ሰው ሁሉ "እንዴት ነው አገሩ? ምን በላችሁ? የት አደራችሁ?" እያለ ይጠይቀኛል። እኔ ሰው ሲከበኝ ቃል አይወጣኝም፤ "ደህና ነው" ብዬ እሾልካለሁ። በጽሑፍ ግን ፊቴን የሚያይ ስለሌለ ይቀለኛል። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ባያልፍም ያየሁትን መጻፍ አያቅተኝም ብዬ ጀመርኩት። ወደዚያ የመሄድ ዕድል የማይገጥመው ሰው ከቤቱ ሳይነሳ ያንብበው።

ሥራዬ አሶሳ ከተማ በጋሽ ይማም ወርክሾፕ እንጨት ማለስለስ ነው። በር፣ ቁም ሣጥንና አልጋ ተሠርቶ ሲያልቅ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ለቀለም የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ግን ሥራ ቀዘቀዘ። ሰው የብረት በር ወደደ። አንድ ቀን ጋሽ ይማም ዓይኔን ሳያዩ "ሰዓዳ፣ ለሚመጣው ወር እንጃ" አሉኝ። ይህ ማለት ወደ ወላጆቼ መንደር ተመልሼ ማሽላ ማረም ነው። ማሽላ ማረምን አልንቅም፤ ግን እጄ እንጨቱን ለምዷል።

በዚያው ሰሞን የፊዚክስ አስተማሪው መምህር ታምሩ መጡና ክንድ የሚያህል የአውሮፕላን ክንፍ በእንጨት እንድንሠራላቸው አዘዙ። መስታወት የመሰለ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ መሆን አለበት አሉ። ካማሺ ላይ የየወረዳው ርዕሳነ መምህራን ተሰብስበው ለትምህርት ቤቶቻቸው ማስተማሪያ ዕቃ ይመርጣሉ። የእሳቸውን ከመረጡ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ አንድ ክንፍ የምንሠራው እኛ ነን። ጋሽ ይማም ይህን ሲሰሙ "እንግዲያው ሰዓዳ አብራ ትሂድ። መንገድ ላይ ቢጫር ማን ያስተካክለዋል?" አሉ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ማንም ግን እምቢ ማለቴ ነው ብሎ አልተረዳኝም።

ሰኞ ጠዋት ተነሣን። መኪናው አሮጌ ፒክአፕ ነው፤ ሾፌሩ ከማል የሚባል የአሶሳ ልጅ፣ አፉ የማያርፍ። ከኋላ መምህሩ ክንፉን ንፋስ የሚያስመቱበት፣ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ የንፋስ ሣጥንና ትልቅ ማራገቢያ ተጭነዋል። ክንፉን እኔ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። ከከተማ እንደወጣን ኬላ ላይ ፖሊሱ በመስኮት አየኝና "ሕፃኑ ታሟል እንዴ?" አለ።

"ሕፃን አይደለም፤ ክንፍ ነው" አለው ከማል።

"የምን ክንፍ?"

"የአውሮፕላን።"

ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ ብርድ ልብሱን ገለጠ፤ ከዚያ መኪናውን ዞሮ አየ። "ቀሪውስ የታለ?"

"ወደፊት ነው ያለው፤ እየተከተልነው ነው" አለ ከማል። ፖሊሱ ሳቀና ገመዱን ለቀቀልን። እኔ ግን ያስሩናል ብዬ ክንፉን አጥብቄ አቅፌው ነበር።

ክንፉ አፍንጫው ላይ፣ ንፋሱን ፊት ለፊት በሚቀበለው ጠርዝ፣ ሁለት የጤፍ ፍሬዎች ተጣብቀውበታል፤ መምህሩ ራሳቸው በኮላ ያጣበቋቸው ናቸው። እኔ ስንት ቀን ያለሰለስኩት ላይ ጤፍ ሲያጣብቁ ማየት ጥርስ እንደመነቀል ነበር። መንገድ ላይ ድፍረት አግኝቼ "መምህር፣ ጤፉ ግን ለምንድን ነው?" አልኳቸው።

ደስ አላቸው። አውሮፕላን ሲበር ገላውን የሚነካው አየር እንደ ስስ ነጠላ ተለጥፎበት ይሄዳል አሉኝ። ነጠላው መጀመሪያ ላይ እርጋታ አለው፤ ተደራርቦ በሥርዓት ያልፋል። አንዳች ሻካራ ነገር ካደናቀፈው ግን ይተራመሳል። ሲተራመስ ክንፉን ይጎትታል፤ በጣም በፈጠነ በረራ ላይ ደግሞ ገላውን ብዙ እጥፍ ያሞቀዋል። "ከድምፅ እጅግ ለሚፈጥን መንኮራኩር አንዲት ትንሽ ጉድፍ የማይቻል ሙቀት ልታመጣ ትችላለች" አሉ። "ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ነጠላው ይሳሳል። ሲሳሳ ደግሞ ቀድሞ ተሸፍና የነበረች ቅንጣት ብቅ ትላለች።"

"ታዲያ ጤፉን ማንሳት ነዋ!"

"ጤፉን ያደረግሁት መተራመሱ የት እንደሚጀምር ለማሳየት ነው። አዋቂዎቹም ሲፈትሹ ሆን ብለው አሸዋ ያጣብቃሉ። መቼ እንደሚተራመስ አስቀድሞ መናገር ለእነሱም ገና ከባድ ነው።"

ባምባሲ ሳንደርስ የመኪናው ቺንጋ ተበጠሰ። ከማል ሞተሩን ከፍቶ አየ። ሞተር ሳይክል ለምኖ ቺንጋ ፍለጋ ወደ ከተማው ሄደ፤ ነገ ጠዋት ነው የሚመለሰው። እኛ በመንገድ ዳር ካለው የበርታ መንደር ሰዎች ዘንድ አረፍን። ያስጠጉን እማ ሐዋ የሚባሉ ባልቴት ናቸው፤ ቤታቸው በቀርከሃ የተሠራ ክብ ነው። በእኛ መንደር ወላጆቻችን ከወሎ ሲመጡ እንደለመዱት ግድግዳውን በጭቃ ይለስናሉ። የእማ ሐዋ ቤት ግን ንፋስ በቀርከሃው መሀል ይገባል፤ ለዚያ ሙቀት የእሳቸው ይሻላል።

"መርሐባ! ና ግባ ልጄ፣ ፀሐይ ይመታሃል!" አሉኝ።

ወደ ቤታቸው ያደረሰን ጎረቤታቸው ሳቀና "እማ ሐዋ፣ ሴት ናት እኮ" አላቸው።

"ሴት መሆኑን አያለሁ፤ ዓይን አለኝ! አንተ ዝም ብለህ ውሃ አምጣ" አሉት። ሰውዬው ውሃ አመጣ።

የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረቡልን። ባሚያው እንደ ማር ይሳባል፤ መምህሩ ሸሚዛቸውን እንዳይነካ ሲታገሉ እማ ሐዋ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እኔ ሰው ፊት መብላት አፍራለሁ። እሳቸው ግን ገብቷቸው ወደ እኔ ጀርባቸውን ሰጥተው ከመምህሩ ጋር ወሬ ያዙ። በልቼ ጠገብኩ። ክንፉን ፍየሎቹ እንዳይነኩት ከቤት ውስጥ ግድግዳ አስደግፌ ተኛሁ።

ማክሰኞ ንጋት ላይ ስነሣ ክንፉ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ በር ላይ ቆሟል። ያብረቀርቃል። እንዲህ ሲያብረቀርቅ አይቼው አላውቅም። ቀረብ ስል የሰሊጥ ዘይት ሸተተኝ። አፍንጫውን በጣቴ ዳበስኩት፤ ጤፎቹ የሉም።

እማ ሐዋ ከጓሮ መጡ፤ ፊታቸው በርቷል። "የእንግዳ ዕቃ ከቤቴ ቆሻሻ ይዞ አይወጣም! ምግብ ደርቆ ተጣብቆበት ነበር። ወላሂ፣ በጥፍሬ ፋቅኩት። ከዚያ ዘይት አጠጣሁት፤ እንጨት ውሃ ይጠማዋል።"

በእሳቸው ዘንድ እንግዳ ሲተኛ ልብሱ ይታጠባል፣ ጫማው ይጠረጋል፤ የእኔም ጫማ ታጥቦ ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ክንፉም የእንግዳ ዕቃ ነው። መምህር ታምሩ ወጥተው አዩ። በዘይት ላይ ምንም ነገር እንደማይዝ ሁለታችንም እናውቃለን። ለማሳየት የሚያስፈልገን ደግሞ በክንፉ ላይ ነጭ አፈር በስሱ መቀባት ነው። መምህሩ የእማ ሐዋን ፊት ለአፍታ አዩና ጎንበስ ብለው "እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፤ እንደዚህ አምሮበት አያውቅም" አሏቸው። እኔም እጃቸውን ሳምኩ። ከማል ቺንጋውን ይዞ ደረሰ፤ ስንወጣ እማ ሐዋ ማንጎ በጨርቅ ቋጥረው ጭኔ ላይ ጣሉልኝ።

መኪናው እንደተንቀሳቀሰ መምህሩ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ። "አለቀልን" አሉ።

"አላለቀልንም" አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። "ዘይቱን በሳሙናና በቲነር አጥበዋለሁ፤ አሽቼ እንደገና ቀለም እቀባዋለሁ። አንድ ቀን ካገኘሁ።"

"ጊምቢ ላይ አንድ ቀን እንቆያለን" አሉ።

ዳቡስ ወንዝ ድልድይ ላይ ከማል ለሞተሩ ውሃ ሊቀዳ ቆመ። መምህሩ ወደ ታች አሳዩኝ። ውሃው በአንድ በኩል ጨርቅ እንደተነጠፈ ጸጥ ብሎ ይመጣል፤ ጫፏ ብቻ ከምትታይ አንዲት ድንጋይ በኋላ ግን እየሰፋ በሚሄድ መስመር ይንተከተካል። "ያንን ነው ዓርብ የምናሳየው" አሉ። እማ ሐዋ የፋቁት ነገር ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ። ማንጎዎቹን እየላጥን ሄድን፤ መንዲንና ነጆን አልፈን ጊምቢ ስንገባ እጃችን እስከ ክርናችን ይጣበቅ ነበር።

ጊምቢ ከእኛ ዘንድ ይልቅ ትቀዘቅዛለች፤ አሶሳ የለመደ ሰው ሹራብ ይያዝ። ቤርጎዋን የምታስተዳድረው ሴት በኦሮምኛ ሰላም ብላ በአማርኛ "ይሄ ምን ሊሆንልሽ ነው?" አለችኝ። ነገርኳት ማለት አልችልም፤ ከማል ነገራት። ረቡዕ ጠዋት ግቢዋን ለቀቀችልኝ። ውሃ በባልዲ አመጣችልኝ፤ ጠዋቱን ሙሉ አሸሁ። እሷም የታጠበውን አንሶላ ሁሉ ወደ ሌላ ገመድ አዞረችልኝ። ምሳ አንጮቴ ሰጠችኝ፤ ድንች የመሰለ ሥር ነው፣ ግን ከድንች ይጠብቃል፤ ቅቤ የጠጣ ጊዜ ስማችሁን ሁሉ ትረሳላችሁ። እኛ ጋ የለም፤ ዘሩን ለእናቴ ይዤ መጥቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጥቁር ቀለሙን ቀባሁ። ገና እርጥብ ሳለ ከግቢው ውጪ አንድ የጭነት መኪና አቧራውን አስነስቶ አለፈ። ሴትዮዋና እኔ አንሶላ ይዘን ሮጥን፤ ከላይ ጋረድነው። ስንሮጥ ተጋጨን፣ ሳቅን። ሲደርቅ በመዳፌ ዳበስኩት፤ ለስላሳ ነው። መምህሩ ከገበያ ያመጡትን ጤፍ አፍንጫው ላይ በኮላ አጣበቁ፤ ሁለት፣ እንደበፊቱ።

ሐሙስ የካማሺ መንገድ። ስለዚህ መንገድ ጥሩ ነገር ልጻፍ ብዬ ብዙ አሰብኩ፤ ዛፉ ጥሩ ነው። መኪናው ግን የሚሄደው ወደፊት ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ነው። ከማል "መምህር፣ የእኔ መኪና ላይ ያለው ነጠላ ተተራምሷል" አለ። መምህሩ ጭንቅላታቸው ጣሪያ እየነካም ሳቁ። ክንፉን አቅፌ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ እያልኩ ሄድኩ። እግሬ ሲዝል ከማል ራሱ ፍጥነቱን ቀነሰልኝ።

ካማሺ ትንሽ ከተማ ናት፤ አሶሳ ከእሷ ጋር ሲታይ ትልቅ አገር ነው። ማደሪያ ሞልቶ ስለነበር ስብሰባው የሚደረግበት ትምህርት ቤት ጥበቃ ሚስት፣ ጉሙዝ ናት፣ ከልጆቿ ጋር አስተኛችኝ። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ የእኔ ጉሙዝኛ ምንም። ግን እግሬን አይታ የሞቀ ውሃ አቀረበችልኝ። ለዚህ ቋንቋ አያስፈልግም።

ዓርብ ዕለት ርዕሳነ መምህራኑ በአንድ ክፍል ተሰበሰቡ። ሌሎች ብዙ ዕቃ አቅርበዋል፤ የሰው አጥንት፣ የምድር ኳስ፣ በባትሪ የሚዞር ነገር። እኔ ከንፋስ ሣጥኑ ጀርባ ቆምኩ። ነጩን አፈር በስሱ ቀብቼ አድርቄዋለሁ። መምህሩ ክንፉን ሣጥኑ ውስጥ አስገቡና አልኮል ረጩበት፤ ነጩ ጠፍቶ ክንፉ ጥቁር ሆነ። "አየሩ ረጋ ብሎ የሚያልፍበት ቦታ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ የሚተራመስበት ግን ቶሎ ደርቆ ይነጣል" አሉና ማራገቢያውን አስነሡ።

ከያሶ የመጡ አንድ ረዥም ርዕሰ መምህር እጃቸውን አጣምረው ነበር። "መምህር፣ ጤፉ የእርስዎ፣ ንፋሱ የእርስዎ፣ አፈሩ የእርስዎ። ነጩ መስመርም ቢወጣ ያው የእርስዎ ነው። እኛ የመጣነው ለማጨብጨብ ነው?" አሉ። ክፍሉ ሳቀ። መምህር ታምሩ ሊመልሱ ፈለጉ፤ ግን ሰው ከሳቀ በኋላ መልስ አይሰማም። እኔ ከሣጥኑ ጀርባ፣ መንደር ተመልሼ የማርመው ማሽላ ታየኝ።

ከዚያ ክንፉ መድረቅ ጀመረ። ከአንደኛው ጤፍ ኋላ እንደ ቀስት ጫፍ ሆኖ የሚሰፋ ነጭ ወጣ። ከሁለተኛውም ወጣ። ጭብጨባ ተጀመረ። ሆኖም ከሁለቱ ራቅ ብሎ፣ ጤፍ በሌለበት፣ ሦስተኛ ነጭ ብቅ አለ።

የያሶው ሰው ቀረብ አሉ። "ሦስተኛው ጤፍ የታለ?"

"ሦስተኛ የለም" አሉ መምህሩ። ግራ ገብቷቸዋል። "ይህ... ይህ እኔ ያዘጋጀሁት አይደለም።"

"እና ማን አዘጋጀው?"

እኔ አውቄዋለሁ። የእንጨት ሥራ ላይ ያለ ሰው የራሱን ጉድለት ከሩቅ ያውቃል። ዝም ብል ደግሞ መምህሩ በሰው ፊት አፍረው እንደቀሩ ነው። ከሣጥኑ ጀርባ ወጣሁ። ማራገቢያው እንዲጠፋ በእጄ አሳየሁ፤ የነጩን መስመር ወደ ኋላ ተከትዬ ጫፉ ላይ ስደርስ በጣቴ ጫፍ ነካሁት። በመዳፌ ስዳብሰው ያመለጠኝ ነገር እዚያ አለ።

"ጉድፍ ነው" አልኩ።

"ጮክ በይ" አለ ከኋላ አንድ ሰው።

"ጉድፍ ነው! ቀለሙ እርጥብ ሳለ የገባ የጊምቢ አቧራ ነው። የእኔ ሥራ ነው፤ አላየሁትም ነበር።"

የያሶው ርዕሰ መምህር አጎንብሰው አዩ። "አይታይም እኮ።"

"ዓይንዎን ይጨፍኑና በጣትዎ ይፈልጉት።"

ጨፈኑ። ረዥም ጣታቸው ክንፉ ላይ ቀስ እያለ ሄደና ቆመ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ። "አገኘኋት!" አሉ። "ይህች ናት ያን ሁሉ ያተራመሰችው?" ወደ መምህር ታምሩ ዞሩ። "ያዘጋጁትን አላመንኩም ነበር። ያላዘጋጁትን ግን እንዴት አላምንም?"

ከዚያ በኋላ ሁሉም መንካት ፈለገ። ተሰለፉ። መምህሩ ከዳር ቆመው ስለ ፈጣን በረራ፣ ስለ ሙቀቱ፣ በዚያ ፍጥነት ከዚህች ያነሰች ነገር እንኳ ስለምታመጣው ጣጣ ይናገራሉ፤ ግማሹ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሰማቸው። አንዷ ርዕሰ መምህርት ጉድፏን ስታገኝ እንደ ልጅ ጮኸች።

ሲመርጡ ክንፉን መረጡ። ግን የያሶው ሰው እጃቸውን አወጡና "አንድ ነገር ይጨመርልን" አሉ። "ተማሪዎቻችንም እንደ እኛ ይጠራጠራሉ። በየክንፉ ላይ አንድ ማንም ሆን ብሎ ያላደረገው ጉድፍ ይኑርበት። የት እንዳለ ለእኛም እንዳይነገረን።" ሌሎቹም "አዎ፣ እሱ ይኑርበት!" አሉ። መምህር ታምሩ ተስማሙና ወደ እኔ አዩ። እኔ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ምን እንደተስማማሁ የገባኝ በኋላ ነው።

የመመለሻውን መንገድ ብዙ አልጽፍም፤ ያው ወደ ላይና ወደ ታች ነው። የጊምቢዋ ሴት ስታየን ከሩቅ "ሆነ?" ብላ ጮኸች። ከማል ለእሷ ሲተርክላት እኔ በልቤ እንኳ ያላልኩትን ሁሉ ጨማምሮ ነው። እማ ሐዋ ዘንድም ጎራ አልን። ክንፉን ካማሺ ትተነው ነበርና "የት ጠፋ?" አሉ። መምህሩ "ወደዱት፤ እዚያው አስቀሩት" አሏቸው። "ይወዱታል! ዘይት ጠጥቷል" አሉ እሳቸው። መምህሩ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ጋሽ ይማም ትእዛዙን ሲሰሙ መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ቀጥሎ ጉድፉን ነገርኳቸው። "ስንት ዓመት ሙሉ ጉድፍ አጥፊ እያልኩ ጮህኩብሽ" አሉ። "አሁን ጉድፍ ታዘዝሽ?"

"አዎ ጋሼ። ግን ሆን ተብሎ መሆን የለበትም።"

"ሆን ተብሎ ካልሆነ እንዴት ነው የሚታዘዘው?"

የመጀመሪያዎቹን ክንፎች አሽቼ ቀለም ስቀባ እንደ ሁልጊዜው መስኮቱን ዘጋሁ፣ መሬቱን ውሃ ረጨሁ፤ መስታወት ሆነው ደረቁ፤ አንድም እንከን የላቸውም። ብጠቀጥቃቸው ደግሞ ሆን ብዬ ያደረግኩት ይሆናል። አሰብኩ፤ ጋሽ ይማምም አሰቡ። በማግስቱ እንደገና ስቀባ እርጥቡን ክንፍ ወንበር ላይ አቆምኩና የወርክሾፑን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ጋሽ ይማም እንደ ልማዳቸው "በሩን!" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ጎን ለጎን ቆመን ወደ መንገዱ እያየን አቧራ የሚያስነሳ መኪና እስኪያልፍ ጠበቅን።